ለአንድ ሰው ብቻ የሚታተም ተተኪ አጥንት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐኪም «የጎደለውን አጥንት በልክ አሠርተን እንተክላለን» ካላቸው ሰዎችና ከቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ተተኪ አጥንት «ይታተማል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ከማተሚያው የሚወጣው ሕያው አጥንት አይደለም። የሚወጣው በአደጋ፣ በዕጢ ወይም በኢንፌክሽን የጎደለን ቦታ የሚሞላ፣ ቅርጹ ለአንድ ታካሚ ብቻ የተለካ ቁራጭ ነው። ሐኪሞች ኢምፕላንት ይሉታል፤ እዚህ ተተኪ አጥንት እንበለው።

ሙቀጫ የሚሠራው ከግንድ ላይ እየፈለፈሉ በመቀነስ ነው። እንስራ ግን የሚሠራው ጭቃውን እየጠቀለሉ፣ አንዱን ዙር በሌላው ላይ እየደረቡ በመጨመር ነው። የባለ ሦስት አውታር ኅትመት መንገዱ የእንስራው ነው፤ ልዩነቱ እጁ የኮምፒውተር መሆኑና እያንዳንዱ ዙር ከአንድ ሚሊሜትር በእጅጉ የሚያንስ መሆኑ ነው። ይህ አሠራር ለአጥንት የተመቸው በመፈልፈያ የማይደረስባቸውን ነገሮች፣ ለምሳሌ እርስ በርሳቸው የተገናኙ የውስጥ ቀዳዳዎችን፣ ስለሚያወጣ ነው።

ጥምር ቁስ የሚባለውስ ምንድን ነው?

ጠባያቸው የተለያየ ቁሶች ማንነታቸውን ሳይለቁ ተያይዘው አንዳቸው ለብቻቸው የማይችሉትን ሥራ ሲሠሩ ጥምር ቁስ፣ በባለሙያዎች አጠራር ኮምፖዚት፣ ይባላሉ። የጭቃ ቤት የመረገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጭድ ያልገባበት ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ጭድ ብቻውንም ግድግዳ አይሆንም።

አጥንት ራሱ ጥምር ቁስ ነው። ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባል የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲንና ውኃ ነው። በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው የዶሮ አጥንት ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፎ ጥቂት ቀናት ያቆየው። አሲዱ ማዕድኑን ስለሚያሟሟው አጥንቱ እንደ ጎማ ይተጣጠፋል። ምድጃ ውስጥ ሲነድ ያደረ አጥንት ደግሞ ኮላጅኑ ስለተቃጠለ በጣት ይፈረፈራል። መሐንዲሶቹ የሚኮርጁት ይህንን ቅንብር ነው፤ በኮላጅኑ ቦታ ፖሊመር የሚባለውን የፕላስቲክ ዓይነት ቁስ፣ በማዕድኑ ቦታ የማዕድን ዱቄት ወይም የካርቦን ክር ያስገባሉ።

ሐሳቡ ከኅትመቱ ይቀድማል። ዊልያም ቦንፊልድና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ ለንደን ውስጥ ፖሊኢትሊንን ከሃይድሮክሲአፓታይት ጋር ቀላቅለው ሃፔክስ የተባለ ቁስ ሠርተው ነበር፤ በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ ላሉት ጥቃቅን አጥንቶች መተኪያ ሆኖ አገልግሏል። ፖሊኢትሊን ፌስታል የሚሠራበት የፕላስቲክ ዘር ነው። ከማዕድኑ ጋር ሲጋባ ሰው ጆሮ ውስጥ ገብቶ መሥራቱ እስካሁን ይደንቀኛል።

ታይታኒየም እያለ ሌላ ቁስ መፈለግ ለምን አስፈለገ?

ታይታኒየም ስሙ የሚጠፋ ብረት አይደለም። በ2011 ኔዘርላንድስ ውስጥ አንዲት የ83 ዓመት አዛውንት ሙሉ የታችኛው መንጋጋቸው ከታይታኒየም ታትሞ ተተክሎላቸዋል። ሴራሚክ የተቀባው መንጋጋ 107 ግራም ይመዝን ነበር፤ ከተፈጥሮው በሲሶ ያህል ይከብዳል። ያም ሆኖ በማግሥቱ መናገርና መዋጥ ችለዋል።

ችግሩ ግትርነቱ ነው። አንድ ቁስ ሲጫኑት ምን ያህል እንደማይለምጥ የሚለካው በጊጋፓስካል ነው። ጠንካራው የውጭ አጥንት ከ10 እስከ 20 ጊጋፓስካል ገደማ ሲሆን ስፖንጅ መሰሉ የውስጥ አጥንት ከዚያ በጣም ያንሳል። ለሰውነት የሚውለው የታይታኒየም ቅይጥ ግን ወደ 110 ይደርሳል። ይህን የመሰለ ግትር ነገር ከአጥንት ጎን ሲቆም ሸክሙን ለብቻው ይወስደዋል፤ አጥንቱም ሥራ ይፈታል። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ጁሊየስ ቮልፍ በ1892 እንዳስረዳው አጥንት ጭነት ባገኘበት ቦታ ይጠነክራል፣ ጭነት ባጣበት ይሳሳል። ብረቱ ሳይጎዳ ቢቆይም ዙሪያው ያለው አጥንት እየመነመነ ስለሚሄድ ማያያዣው ሊላላ ይችላል።

በሌላው ጫፍ ፒክ የሚባለው የሕክምና ፕላስቲክ አለ፤ ግትርነቱ 4 ጊጋፓስካል አካባቢ ነው፤ ብዙ ጭነት ለሚሸከም አጥንት ሲበዛ ለስላሳ ነው። የካርቦን ክር ሲቀላቀልበት ግን 18 አካባቢ ይደርሳል፤ ይህም አጥንቱ ራሱ ያለበት ቦታ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፦ ብረት በሲቲ ስካን ምስል ላይ ጨረሩን እየበተነ ዙሪያውን ያደበዝዛል፤ ፒክና ካርቦን ይህን አያደርጉም። ዕጢ ተቆርጦለት የጨረር ሕክምና ለሚከታተል ታካሚ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስብራት ሁሉ ይህን ይፈልጋል?

አይፈልግም። አብዛኛው ስብራት በጀሶ፣ በተዘጋጀ ፕሌትና ብሎን ወይም በአጥንት መሃል በሚገባ ዘንግ ይድናል። በልክ የሚታተመው የራስ ቅሉ ክፍል ለጎደለበት፣ መንጋጋው ወይም የዓይኑ ጎድጓዳ አጥንት ለፈረሰበት፣ ዕጢ ረጅም ቁራጭ ለወሰደበት ሰው ነው፤ በአጭሩ ከመደርደሪያ የሚወሰድ ዕቃ የማይገጥምበት ቦታ ላይ ነው።

ወጌሻ ዘንድ ቆይቶ ጠምሞ የገጠመ አጥንት ያላቸው ሰዎችም ይጠይቃሉ። ለእነርሱ ብዙ ጊዜ የሚታተመው ተተኪ አጥንት ሳይሆን ሐኪሙ በየት በኩልና በምን ማዕዘን እንደሚቆርጥ የሚያሳይ መምሪያ ነው፤ ቀዶ ጥገናው ሲያልቅ አብሮ ይወጣል።

በልክ የሚሠራው እንዴት ነው?

የሚጀምረው ከሲቲ ስካን ነው። ስካኑ ሰውነትን እንደ ድፎ ዳቦ በስሱ እየቆረጠ ያነሣል፤ ለዚህ ሥራ የእያንዳንዱ ቁራጭ ውፍረት ከ1 ሚሊሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ወፍራም ሆኖ ከተነሣ በሁለት ቁራጮች መካከል ያለውን ኮምፒውተሩ በግምት ይሞላዋል፤ ግምት ደግሞ ስስ በሆነው የዓይን ጎድጓዳ ግድግዳ ላይ ያሳስታል። ቀጥሎ ባለሙያው በምስሉ ላይ አጥንቱን ከሥጋው ይለያል። ሶፍትዌሩ ቢያግዝም ስስ አጥንትና የቆየ ብረት ያለበት ቦታ በእጅ መታረም አለበት። ከሥራው ሁሉ አድካሚው ይህ ነው፤ የሚመሰገነው ግን ማተሚያው ነው።

የጎደለው በአንድ ወገን ከሆነ ጤነኛው ወገን በመስተዋት እንደሚታይ ተገልብጦ ለንድፉ መነሻ ይሆናል። የማንም ፊት ሁለት ወገኑ ፍጹም እኩል ስላልሆነ ግን እንዳለ አይወሰድም። ንድፉ ሲያልቅ ቀዶ ሐኪሙና መሐንዲሱ አብረው ያዩታል፦ ብሎኖቹ የት ይገባሉ? በሚከፈተው ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል? የላዩ ቆዳ ይበቃል? በወረቀት ያማረ ንድፍ በቆዳ እጥረት ሊወድቅ ይችላል፤ ተወጥሮ የተሰፋ ቆዳ ተቀዶ ከሥሩ ያለው ሊጋለጥ ይችላልና።

ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

ኅትመቱ ራሱ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ስካኑን ማዘጋጀት፣ ንድፉን ማጽደቅ፣ የታተመውን መለካትና ከጀርም ማጽዳት ግን ቀናትን፣ ዕቃው ከሌላ አገር የሚመጣ ከሆነም ሳምንታትን ይወስዳል። ስለዚህ ዛሬ ሌሊት ለደረሰ አደጋ አይሆንም። ጭንቅላቱ ላይ ለተጎዳ ሰው መጀመሪያ የሚደረገው ሕይወት ማትረፍ ነው፤ የራስ ቅሉ ክፍተት የሚዘጋው ካገገመ በኋላ በሌላ ቀን ነው።

በገበያ ያለው የጠረጴዛ ማተሚያ ይህን መሥራት አይችልም?

ለማሳያ የሚሆን የአጥንት አምሳያ ይሠራል፤ እርሱም ዋጋ አለው። ሐኪሙ የታካሚውን መንጋጋ በእጁ ይዞ ፕሌቱን ከቀዶ ጥገናው በፊት አጉብጦ ካዘጋጀ ታካሚው በማደንዘዣ ሥር የሚቆይበት ሰዓት ያጥራል። ለብዙ ሆስፒታል ከዚህ መጀመር ብልህነት ይመስለኛል።

ሰውነት ውስጥ የሚቀር ነገር ግን ሌላ ነው። ፒክ የሚቀልጠው በ343 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ የማተሚያው አፍንጫ ከዚያ በላይ መጋል አለበት፤ ክፍሉም ሞቆ መቆየት አለበት። ክፍሉ ቢቀዘቅዝ ንብርብሮቹ በደንብ አይያያዙም፣ ቁራጩም ይጣመማል። የሃይድሮክሲአፓታይት ዱቄት ሲቀላቀልበት ደግሞ ቅልጡ ይወፍራል፣ አፍንጫው ይደፈናል፣ ዱቄቱ በአንድ ቦታ ከተጓጎለም ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጥሬ ዕቃው ከየት እንደመጣ፣ አየሩ ከአቧራ ምን ያህል እንደጸዳ ሁሉ ይመዘገባል። የጠረጴዛው ማተሚያ በዚህ ሁሉ ይወድቃል።

በእርግጥ በሰው ላይ ሥራ ላይ ውሏል?

ውሏል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በየካቲት ገደማ 2013 ፔክ ከሚባለው የፒክ የቅርብ ዘመድ የታተመ የራስ ቅል ተተኪን ፈቀደ፤ በሚቀጥለው ወር አንድ ታካሚ የራስ ቅሉ 75 በመቶ በዚህ ተተካለት። በሳልዝቡርግ (ኦስትሪያ) በ2022፣ በባዝል (ስዊዘርላንድ) በ2023 ደግሞ ከፒክ የተሠሩ የራስ ቅልና የፊት ተተኪዎች ከፋብሪካ ሳይመጡ በዚያው በሆስፒታሎቹ ውስጥ ታትመው ተተክለዋል።

ልብ ማለት የሚገባው፣ እነዚህ በአብዛኛው ነጠላ ቁሶች እንጂ ጥምር ቁሶች አይደሉም። ጥምር ቁስ ጠንክሮ የገባው አጥንት እንዲበቅልበት ተብሎ በሚሠራው ተተኪ በኩል ነው። አሜሪካ ውስጥ ቺካጎ አካባቢ ያለው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ በ2016 ያስተዋወቀው ቁስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ ከክብደቱ 90 በመቶው ሃይድሮክሲአፓታይት፣ 10 በመቶው ፖሊመር ነው፤ ማዕድኑ ይህን ያህል በዝቶም በጣት ሲጫኑት ተጨምቆ ይመለሳል፤ ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ በመቀስ ሊቆርጠው ይችላል። ከዚሁ ሥራ የወጣ የፊትና የመንጋጋ ምርት በ2023 መጨረሻ የአሜሪካን ፈቃድ አግኝቷል። ስለ አንድ የተለየ ምርት ሲነገርዎ «ነጠላ ነው ወይስ ጥምር? የተፈቀደውስ ለየትኛው አጥንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ለራስ ቅል የተፈቀደ ሁሉ ለጭን አይሆንም፤ የራስ ቅል አይራመድም።

ተተኪው በቀዳዳ የተሞላ የሚሆነው ለምንድን ነው?

የአጥንት ሴሎችና የደም ሥሮች እንዲገቡበት ነው። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ስፋት ከ300 እስከ 600 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺኛ) አካባቢ ነው፤ ከ100 በታች ከሆነ የደም ሥር ለመግባት ይቸገራል። ቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ እርስ በርሳቸው ካልተገናኙ ደግሞ ጥቅም የላቸውም፤ መውጫ የሌለው ክፍል ውስጥ ደም አይዞርም። ቀዳዳ በበዛ ቁጥር ጥንካሬ ስለሚቀንስ ንድፉ ሁልጊዜ በሁለቱ መካከል ድርድር ነው።

ሰውነት ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል ወይስ ዕድሜ ልክ ይኖራል?

ሁለቱም አለ። ፒክ፣ ፔክና ታይታኒየም የማይሟሙ ናቸው። በሌላ በኩል ፖሊካፕሮላክቶን የተባለው ፖሊመር ትራይካልሲየም ፎስፌት ከሚባል ማዕድን ጋር ተቀላቅሎ ሲታተም ሕንፃ ሲሠራ እንደሚቆመው የባሕር ዛፍ መወጣጫ ነው፦ አጥንቱ እስኪያድግ ይደግፋል፣ ከዚያ ይነሣል። ፖሊመሩ ተሟሙቶ እስኪያልቅ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ማዕድኑ ደግሞ ሴሎቹ የሚይዙት ነገር ይሰጣቸዋል፤ ፖሊመሩ ብቻውን ሲሆን ለሴሎች የሚያንሸራትት ገጽ ነው።

በ2017 ብሪዝበን፣ አውስትራሊያ ውስጥ ኢንፌክሽን የቅልጥሙን አጥንት ለበላበት ወጣት 36 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው የሚሟሟ መወጣጫ ተተክሎለታል። ንድፉ በኩዊንስላንድ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ ኅትመቱ ሲንጋፖር ነበር። መወጣጫው ብቻውን አልተተወም፤ ደም የሚዞርበት የታካሚው የራሱ ሕብረ ሥጋ ተጠቅልሎበታል።

አስቸጋሪው የፍጥነት ጉዳይ ነው። መወጣጫው አጥንቱ ሳይደርስ ከሟሟ ይፈርሳል፤ ሲበዛ ከዘገየ ደግሞ የአጥንቱን ቦታ ይዞ ይቀመጣል። አጫሽ፣ የስኳር ሕመምተኛና የ20 ዓመት ጤነኛ ወጣት አጥንታቸው በእኩል ፍጥነት አያድግም፤ ቁሱ ግን ይህን አያውቅም።

ሰውነት አይቃወመውም? ኢንፌክሽንስ?

እንደ ኩላሊት ንቅለ ተከላ ዓይነት መቃወም አይኖርም፤ የሌላ ሰው ሴል የለበትምና። መፍራት የሚገባው ባክቴሪያን ነው። ባክቴሪያ ገጹ ላይ ከሰፈረ ራሱን በዝልግልግ ሽፋን ስለሚከልል ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይቸገራል፤ ብዙ ጊዜም መፍትሔው ተተኪውን ማውጣት ነው። ከንፍጥ ክፍተቶች አጠገብ ያለ የግንባር አጥንት በተለይ ጥንቃቄ ይሻል።

ማጽዳቱም እንደ ቁሱ ይለያያል። ፒክ ሆስፒታሎች የሚጠቀሙበትን የ134 ዲግሪ እንፋሎት ይችላል። ፖሊካፕሮላክቶን በ60 ዲግሪ ስለሚቀልጥ እዚያ ቢገባ ቅርጹን ያጣል፤ በጋዝ ወይም በጋማ ጨረር ይጸዳል።

ኤምአርአይ መነሣትና በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ማለፍ እችላለሁ?

ፖሊመርና ማዕድን ብረት ስላልሆኑ ፈታሽ መሣሪያ አያስጮሁም። የሚያያዙባቸው ብሎኖች ብዙ ጊዜ ከታይታኒየም ስለሆኑና ታይታኒየም በማግኔት ስለማይሳብ በኤምአርአይም በአብዛኛው ችግር የለም። የተተከለልዎትን ዕቃ ስም የያዘውን ካርድ ግን አይጣሉት፤ ምስል የሚያነሣው ባለሙያ ይጠይቅዎታል።

ለሕፃን ልጅ ይሆናል?

እዚህ ላይ መልሱ ይከብዳል። በልክ የተሠራ ማለት ለዛሬ ልክ የተሠራ ማለት ነው፤ ልጅ ግን ያድጋል። አንጎል በ6 ዓመት ገደማ ከአዋቂው መጠን 90 በመቶ ስለሚደርስ ከዚያ በታች ላለ ልጅ የማይሟሟ ግትር ክዳን የራስ ቅሉን እድገት ሊያውክ ይችላል። ለልጆች ተስፋ የሚጣለው በሚሟሟው ጥምር ቁስ ላይ ነው፤ አብሮ ሊያድግ የሚችለው የልጁ የራሱ አጥንት ብቻ ነውና። ሐኪሙ «እንጠብቅ» ካለ ቸልተኝነት አይምሰላችሁ።

ይህን ያህል የሚወደደው ለምንድን ነው?

ከዕቃው ይልቅ በሰው ሰዓትና በማስረጃ ነው። ለአንድ ታካሚ የተነደፈ ነገር ለሁለተኛ ሰው አይሸጥም፤ የመሐንዲሱ ድካም፣ የልኬቱ ፍተሻ፣ የጽዳቱ ማረጋገጫ ሁሉ በአንድ ቁራጭ ላይ ይወድቃል። በሌላው ወገን የቀዶ ጥገናው ሰዓት ማጠሩና ዳግመኛ ያለመከፈቱ ዕድል ይቆጠርለታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኜ ውጭ አገር ማሠራት ብፈልግ ምን ላድርግ?

ለንድፍ ታካሚው መሄድ የለበትም፤ የሚሄደው ፋይል ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የታጠበውን ፊልም በፖስታ ይዞ ይቀርባል። ከፊልም ንድፍ አይወጣም። ስካኑ በሚነሣበት ቀን በስስ ቁራጭ እንዲነሣ ሐኪሙ በማዘዣው ላይ ይጻፍልዎ፤ ሙሉውን ዲጂታል ፋይልም በሲዲ ወይም በፍላሽ ይቀበሉ። ከስካኑ በኋላ ዕጢው ካደገ ወይም ሌላ ቀዶ ጥገና ከተደረገ ያ ፋይል አርጅቷል።

ዕቃው ወደ አገር ሲገባ የሕክምና መሣሪያ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ዘመድ በሻንጣ የሚያመጣው ዕቃ አይደለም። ፈቃዱን በቅድሚያ ሆስፒታሉ ቢጨርስ ይሻላል፤ የሚተክለውም ሐኪም ንድፉ ሲጸድቅ የነበረው ራሱ ቢሆን።

እያንዳንዱ ቁራጭ የተለየ ከሆነ ማን፣ እንዴት ፈትሾ ያጸድቀዋል?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ዓይነት ሺህ ብሎን ከተመረተ ጥቂቱን ሰብሮ የቀረውን ማመን ይቻላል። አንድ ብቻ የተሠራን ነገር ግን ሰብሮ መፈተሽ የሚተከለውን ማጣት ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪዎች ከቁራጩ ይልቅ ሂደቱን ይይዛሉ፦ ቁሱ፣ ማተሚያው፣ ሙቀቱ፣ የንድፉ ወሰን። ከዚህ ስስ አይሆንም፣ ከዚህ በላይ ክፍተት አይሸፍንም ተብሎ ዳር ይበጅለታል፤ በዚያ ዳር ላይ ያለው እጅግ ደካማው ንድፍ ተሠርቶ እስኪሰበር ይጫናል። ከዚያ ወሰን ውስጥ የሚወጣው ሁሉ በዚያ ማስረጃ ይሸፈናል። ከእያንዳንዱ ኅትመት ጎን የሚታተሙ ናሙና ዘንጎችም አሉ፤ ታካሚው የማያያቸው፣ በእርሱ ፋንታ የሚሰበሩ። በተለይ የሚፈተሸው በንብርብሮች መካከል ያለው መያያዝ ነው፤ የታተመ ነገር ሲሰበር ብዙ ጊዜ የሚለያየው በዚያ በኩል ነውና።

ሕጉም በአገር ይለያል። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ሰው ልዩ ሁኔታ ብቻ ተሠርቶ ከመደበኛው ፈቃድ ነጻ የሚሆነው ዕቃ ከአንድ ዓይነት በዓመት ከ5 መብለጥ የለበትም፤ በተፈቀደ ወሰን ውስጥ በልክ የሚሠሩት ግን በዚህ አይቆጠሩም፣ መደበኛውን ፈቃድ ያልፋሉ። የአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 26፣ 2021 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ 2017/745 ደግሞ ሆስፒታሎች በቅድመ ሁኔታ ለራሳቸው ታካሚዎች እንዲያመርቱ በር ይከፍታል። ያኔ ሆስፒታሉ አምራች ሆነ ማለት ነው፤ ቁራጩ ቢሰነጠቅ ተጠያቂው ፋብሪካ አይደለም፣ ራሱ ነው። ማተሚያ ለመግዛት የሚያስብ የሆስፒታል ኃላፊ ከዋጋው ዝርዝር በፊት ይህን መስመር ቢያነብ እመክራለሁ።